ብቸኝነትን ፍለጋ፦ የትንንሽ መርከቦች የዋልታ ጉዞ ታሪክ

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



 የዛሬው ርእሳችን ከደጋችንም ከቆላችንም እጅግ የራቀ ነው። ስለ ዋልታ ባሕሮችና በእነርሱ ላይ መንገደኛ ይዘው ስለሚመላለሱ ትንንሽ መርከቦች እንነጋገራለን። ነገሩ የሀብታሞች መዝናኛ ታሪክ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ በከፊል እንደዚያው ነውና። ነገር ግን በውስጡ ከመዝናኛ የሚበልጥ ጥያቄ አለ። ወደብ፣ ሆስፒታልና ፖሊስ በሌለበት ስፍራ ሰው ለሰው ያለበት ኀላፊነት ከወዴት ይመነጫል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከአንድ ሌሊት ልጀምር። ኖቬምበር 23 ቀን 2007 ገና ሳይነጋ፣ ከአንታርክቲካ ልሳነ ምድር በስተሰሜን ባለው በብራንስፊልድ ሰርጥ፣ 154 ሰዎች ከአንዲት ቀይ መርከብ ወደ ነፍስ አድን ጀልባዎች ወረዱ። ከእነዚህ 91ዱ መንገደኞች፣ የቀሩት አስጎብኚዎችና የመርከብ ሠራተኞች ነበሩ። የመርከቧ ስም «ኤክስፕሎረር» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «አሳሽ» ማለት ነው። እኩለ ሌሊት ገደማ ከበረዶ ጋር ተጋጭታ የብረት ገላዋ ተቀድዶ ነበር። ጀልባዎቹ ጣሪያ የሌላቸው ነበሩና ሰዎቹ ነፋሱ ፊታቸውን እየገረፈው ለሰዓታት ጠበቁ። ጠዋት ላይ «ኖርድኖርጌ» የምትባል የኖርዌይ መንገደኛ መርከብ ደርሳ ሁሉንም አነሣቻቸው። አንድም ሰው አልሞተም። ኤክስፕሎረር ግን በጎኗ ተጋድማ ቆይታ በዚያው ዕለት ሰጠመች።

የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። እነዚህ ሰዎች ከሁሉም ለመራቅ፣ ሌላ መርከብ የማይታይበትን አድማስ ለማየት ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሄዱ ናቸው። የዳኑት ግን ሌላ መርከብ በቅርብ ስለ ነበረ ነው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ተቃርኖ ላይ የቆመ ነው። ትንንሾቹ የዋልታ መርከቦች ለመንገደኞቻቸው የሚሸጡት ብቸኝነትን ነው፤ ታሪካቸው ሲመረመር ግን ክፉ ቀን በመጣ ቁጥር ያተረፋቸው ጎረቤት ሆኖ ይገኛል። ያ ጎረቤት ማን እንደ ሆነ፣ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል እናያለን።

፩. ትልቁ ጠፋ፣ ትንሹ አለፈ

የትንሽ መርከብ ክብር በዋልታ ታሪክ ውስጥ ከጎብኚዎች በፊት የመጣ ነው። በ1845 የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሰር ጆን ፍራንክሊንን፣ ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ የሚያሻግረውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ እንዲፈልግ ላከው። «ኤሬበስ» እና «ቴረር» የተባሉት ሁለት መርከቦቹ የእንፋሎት ሞተር፣ ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ፣ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ነበራቸው። ወደ በረዶው የገቡት 129 ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን በዚያው መንገድ ተነሣ። መርከቡ «ዮዋ» አርባ ሰባት ቶን ብቻ የምትመዝን አሮጌ የዓሣ አጥማጆች መርከብ ነበረች፤ ከእርሱ ጋር የተሳፈሩት ስድስት ሰዎች ናቸው። ትንሽ በመሆኗ ጥልቀት በሌለው ውኃ ማለፍ ቻለች። ጥቂት በመሆናቸው በአደን ሊኖሩ ቻሉ። በኪንግ ዊሊያም ደሴት ሁለት ክረምት ሲያሳልፉ የኔትሲሊክ ኢኑዊቶች የቆዳ ልብስ አለባበስን፣ የውሻ ተንሸራታች አነዳድን፣ የበረዶ ቤት አሠራርን አስተማሯቸው። አሙንድሰን በ1906 መተላለፊያውን ጨርሶ ወጣ።

ብዙ ጊዜ ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት «ትንሽ መርከብ ይሻላል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ትምህርት ግን ይዘነጋል፤ አሙንድሰን የተሳካለት ጎረቤት ስለ ነበረውና ጎረቤቱን ስለ ሰማ ነው። የፍራንክሊን ሁለት መርከቦች በባሕር ወለል ላይ በ2014 እና በ2016 ሲገኙ፣ የተገኙበት ስፍራ ኢኑዊቶች ለብዙ ትውልድ በቃል ሲያስተላልፉት የኖረውን ምስክርነት የሚያረጋግጥ ነበር። «ማንም የማያውቀው ስፍራ» ሲባል «ማን የማያውቀው?» ብሎ መጠየቅ የታሪክ ሰው ግዴታ ነው።

ዋልታን ለማየት ብቻ መሄድም አዲስ ነገር አይደለም። በ1896 ሪቻርድ ቪት የመሠረተው የኖርዌይ የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ ወደ ስፒትስበርገን የበጋ መስመር ከፍቶ፣ በአድቬንት ፊዮርድ ዳር አንድ ትንሽ ሆቴል ሠራ። ሆቴሉ ብዙ አልቆየም፤ ስፍራው ግን እስከ ዛሬ በስሙ «ሆቴልኔሴት» ይባላል። በዚያው በጋ ስዊድናዊው መሐንዲስ አንድሬ በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ለመብረር በዚያ የደሴቶች ስብስብ ውስጥ ነፋስ ይጠብቅ ነበርና ጎብኚዎች እርሱንም ለማየት መጡ። አንድሬ በተከታዩ ዓመት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በረረ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1930 ነው። እንግዲህ አሳሽና ጎብኚ ገና ከጥንቱ በአንድ ዳርቻ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። የሚለያያቸው አንዱ ተመልሶ ለመምጣቱ ቲኬት የቆረጠ መሆኑ ነው።

፪. ሃምሳ ሰባቱ ሰዎችና ቀይዋ መርከብ

በደቡብ ዋልታ ታሪኩ ዘግይቶ ጀመረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአርጀንቲናና የቺሊ መርከቦች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎችን ወደ ደቡብ ሼትላንድ ደሴቶች ወስደዋል። ዲሴምበር 1 ቀን 1959 አሥራ ሁለት መንግሥታት በዋሽንግተን የአንታርክቲካን ስምምነት ፈረሙ፤ በ1961 ጸና። ስምምነቱ አህጉሩ ለሰላማዊ ዓላማና ለሳይንስ እንዲውል ደነገገ፤ የግዛት ይገባኛል ጥያቄዎችንም ባሉበት አቆመ። ስለ ጎብኚዎች ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ማንም ይመጣል ብሎ አላሰበምና።

የመጣው ላርስ-ኤሪክ ሊንድብላድ ነው። በስዊድን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የፈለሰ፣ በ1958 የራሱን የጉዞ ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነበር። በጃንዋሪ 1966 «ላፓታያ» የተባለችውን የአርጀንቲና ባሕር ኃይል መርከብ ተከራይቶ ሃምሳ ሰባት መንገደኞችን ወደ አንታርክቲካ ወሰደ። በዚያው ዓመት የስምምነቱ አባል መንግሥታት በሳንቲያጎ ባደረጉት ስብሰባ ስለ ጎብኚዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ውሳኔ አሳለፉ። ሃምሳ ሰባት ሰዎች አሥራ ሁለት መንግሥታትን አነጋገሩ ማለት ነው።

ሊንድብላድ በኪራይ መርከብ አልረካም። በ1969 በፊንላንድ ለዚሁ ሥራ የተለየች መርከብ አሠራ፤ «ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር» ተባለች። ቀይ ቀለም ተቀባች፤ ርዝመቷ ሰባ ሦስት ሜትር ያህል፣ መንገደኞቿም መቶ ገደማ። የፊት ገላዋ በረዶ እንዲቋቋም ተጠናክሯል፤ ታችዋ ጥልቀት በሌለው ውኃ እንድትገባ ሆኖ ተሠርቷል። በንግግሬ መጀመሪያ ስትሰጥም ያየናት መርከብ ይህችው ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ በመካከሉ ባለቤትም ስምም ቀያይራለች።

የሊንድብላድ እምነት በአጭሩ ሲገለጽ ሰው ያላወቀውን አይወድም፣ ያልወደደውንም አይጠብቅም የሚል ነበር። ስለዚህ መርከቡን ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት አደረገው። ቀን በባሕር ዳርቻ፣ ማታ በንግግር አዳራሽ። ካስተማሩት መካከል የአዕዋፍ ሊቁ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰንና የተፈጥሮ ጥበቃው ሰው ሰር ፒተር ስኮት ይገኙበታል። ፒተር ስኮት ከደቡብ ዋልታ ሲመለስ በ1912 በበረዶ ላይ የሞተው የካፒቴን ሮበርት ስኮት ልጅ ነው። አባቱ ሕይወቱን የከፈለበትን አህጉር ልጁ ለመንገደኞች አስረዳ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የሆነው ለውጥ ከዚህ በላይ የሚገለጽበት መንገድ አይታየኝም።

፫. ትንሽነት እንዴት ይሠራል

ታሪኩን ከመቀጠሌ በፊት ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከኡሽዋያ የተነሣች መርከብ የድሬክን መተላለፊያ ለመሻገር ሁለት ቀን ያህል ይፈጅባታል። ከዚያ ማዶ ወደብ የለም። መርከቧ ባሕሩ ላይ ትቆማለች፤ ሰዎች አሥር አሥር እየሆኑ ዞዲያክ በሚባሉት በአየር በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ይሳፈራሉ፤ ዳርቻው ሲደርሱ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ይወርዳሉ። የጉዞው መሪ ቀድሞ ወርዶ ነፋሱን፣ ሞገዱን፣ የፔንግዊኖቹን አሰፋፈር አይቶ ካልፈቀደ ማንም አይወርድም።

ከመውረዳቸው በፊት ጫማቸው በመድኃኒት ውኃ ይታጠባል፤ ኪሳቸውና የልብሳቸው ስፌት የሣር ዘር እንዳይገኝበት ይጠረጋል። እያንዳንዱ ሰው ቁጥር አለው፤ ሲወርድ ቁጥሩን ይገለብጣል፣ ሲመለስ ያቀናዋል፤ ያልተመለሰ ሰው ካለ ሰሌዳው ይናገራል። ከፔንግዊን አምስት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ፔንግዊን ከመጣም መንገዱ የእርሱ ነው። የወፍ ጉንፋን በዚያ ከታየ በኋላ ደግሞ መሬት ላይ መቀመጥም መንበርከክም ቀርቷል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ሰዎቹ ጥቂት ከሆኑ ብቻ ነው። ሦስት ሺህ ሰው የያዘች መርከብ ሁሉንም በጎማ ጀልባ አውርዳ ለማንሣት የሚበቃ ቀን የላትም። ስለዚህ ትንሽነት መጀመሪያ የመጣው ከበጎ አሳቢነት ሳይሆን ከአስገዳጅነት ነው። በኋላ አስገዳጅነቱ ልማድ፣ ልማዱም ሕግ ሆነ። በ2009 የስምምነቱ አባል መንግሥታት በባልቲሞር ባደረጉት ስብሰባ ከ500 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ሰው እንዳያወርድ፣ በአንድ ጊዜም ከመቶ ሰው በላይ በአንድ ዳርቻ እንዳይገኝ፣ ለሃያ ሰው ቢያንስ አንድ አስጎብኚ እንዲኖር ወሰኑ።

፬. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ሕጎቹ የተጻፉበትን ቅደም ተከተል ስንመለከት ግን ከእያንዳንዱ አንቀጽ በስተጀርባ አንድ አደጋ ቆሞ እናገኛለን። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር በተሠራች በሦስተኛ ዓመቷ፣ በፌብሩዋሪ 1972፣ ዓለት ላይ ወጣች። ሊንድብላድ ራሱ ከመንገደኞቹ ጋር ነበር። ያነሣቸው የቺሊ ባሕር ኃይል ነው። በ1979 የገና ሰሞን በዊንኬ ደሴት አካባቢ እንደ ገና አደጋ ላይ ወደቀች፤ ሰባ መንገደኞችን ያወጣችው «ፒሎቶ ፓርዶ» የተባለችው የቺሊ ባሕር ኃይል መርከብ ናት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ደግሞ አንታርክቲካን ከአየር የሚያስጎበኝ የኒውዚላንድ አውሮፕላን ከኤሬበስ ተራራ ጋር ተጋጭቶ 257 ሰዎች አልቀዋል። በሁሉም ጊዜ ሥራውን ትቶ የሮጠው በአካባቢው የነበረ ወታደር፣ የምርምር ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ሌላ መርከበኛ ነው።

1989 ከሁሉም ከበደ። በጃንዋሪ ስንቅና ጎብኚዎች የጫነችው የአርጀንቲና መርከብ «ባሂያ ፓራይሶ» በአሜሪካ የፓልመር ጣቢያ አጠገብ ዓለት መትታ 600,000 ሊትር ያህል ነዳጅ ወደ ባሕር ፈሰሰ። በጁን ወር «ማክሲም ጎርኪ» የተባለች የሶቪየት መንገደኛ መርከብ 950 ያህል ሰዎች ይዛ በስቫልባርድ አቅራቢያ ከበረዶ ጋር ተጋጨች፤ ሰዎቹ በጀልባና በበረዶ ንጣፍ ላይ ሆነው ሲጠብቁ የኖርዌይ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ «ሴንያ» ደርሳ አዳነቻቸው። ትንሽ ያልሆነ መርከብ በዚያ ስፍራ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም በአንድ ሌሊት ተረዳ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሰባት የጉዞ ድርጅቶች የአንታርክቲካ አስጎብኚዎችን ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። በኦክቶበር ወር ደግሞ መንግሥታት በማድሪድ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ፈረሙ፤ በ1998 ጸና።

ከማኅበሩ ሥራዎች አንዱ ለእኛ ጥያቄ ልዩ ትርጉም አለው። አባል ድርጅቶች የጉዞ መርሐ ግብራቸውን እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። የልውውጡ ዓላማ ሁለት መርከቦች በአንድ ዳርቻ እንዳይገናኙ ነው። በአንድ በኩል ስፍራው እንዳይጨናነቅ፣ በሌላ በኩል መንገደኛው ብቻውን እንደ ሆነ እንዲሰማው። ይሁን እንጂ ሌላውን መርከብ ለመሸሽ የግድ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ብቸኝነትን ለማዘጋጀት የተሠራው ሠንጠረዥ ሳይታሰብ የጎረቤት መዝገብ ሆነ። በዚያች የኖቬምበር ሌሊት የኤክስፕሎረር ጥሪ ሲሰማ በአካባቢው የነበሩት መርከቦች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ነበሩ።

፭. የሳይንስ መርከቦች ሁለተኛ ሕይወት

ሥራውን ያስፋፋው ግን ሌላ ታሪካዊ አጋጣሚ ነው፤ የሶቪየት ኅብረት መፍረስ። ሶቪየቶች በ1980ዎቹ በፊንላንድ ያሠሯቸው ለበረዶ የተጠናከሩ የምርምር መርከቦች በድንገት በጀት አጡ። «ፕሮፌሰር ሞልቻኖቭ»፣ «አካዴሚክ ዮፌ»፣ «አካዴሚክ ሰርጌይ ቫቪሎቭ»፣ እንዲሁም በረዶ ሰባሪዋ «ካፒታን ክሌብኒኮቭ» ለምዕራባውያን አስጎብኚዎች ተከራዩ። የባሕርን ድምፅ ለመመርመር በተሠሩ ክፍሎች ጎብኚዎች ተኙ። የሩስያ መርከበኞች ከእነ ልምዳቸው አብረው ተከራዩ፤ ለብዙዎቹ ደመወዝ የሚገኝበት ብቸኛው መንገድ ይኸው ነበር።

በሰሜንም በር ተከፈተ። ቀይዋ መርከብ በ1984 የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያን ያቋረጠች የመጀመሪያዋ የጎብኚዎች መርከብ ሆናለች። ነገር ግን ሰሜኑ ከደቡቡ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የሰው ቤት ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤት መርከብ እጅግ ጥቂት ነው።

በኦገስት 2010 «ክሊፐር አድቬንቸረር» 128 መንገደኞች ይዛ በካናዳ አርክቲክ በኮሮኔሽን ወሽመጥ ዓለት ላይ ተሰካች። በዚያ ዓለት መኖሩ ከሦስት ዓመት በፊት በማስታወቂያ ተነግሮ ነበር፤ መርከቧ በያዘችው ካርታ ላይ ግን አልሰፈረም። የካናዳ በረዶ ሰባሪ «አሙንድሰን» እስክትደርስ ሁለት ቀን አለፈ። መንገደኞቹ የወረዱት በኩግሉክቱክ፣ በኢኑዊቶች መንደር ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2017 ጥፋቱ የመርከቧ ወገን እንደ ሆነ ተፈረደ፤ ማስታወቂያውን ፈልጎ ማንበብ ግዴታው ነበርና። እነሆ ከፍራንክሊን ዘመን የቀጠለ ነገር፦ እውቀቱ በስፍራው አለ፤ የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው። የአዳኟ መርከብ ስም «አሙንድሰን» መሆኑ ታሪክ አንዳንዴ የምትፈጽመው ቀልድ ነው።

በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ «ኦሽን ኤክስፕሎረር» 206 ሰዎች ይዛ በሰሜን ምሥራቅ ግሪንላንድ በአልፔ ፊዮርድ ተሰካች። ሊረዳት የተነሣው የዴንማርክ የጥበቃ መርከብ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎትታ ያላቀቀቻት «ታራዮክ» የተባለች የግሪንላንድ የዓሣ ሀብት ምርምር መርከብ ናት።

፮. ስለ በረዶ የማያውቁት

ወደ ኤክስፕሎረር ልመለስ። የሰንደቅ ዓላማዋ አገር ላይቤሪያ ነበረችና ምርመራውን ያካሄደችው እርሷ ናት። በ2009 የወጣው ዘገባ እንዳስረዳው፣ የመርከቧ አዛዥ በባልቲክ ባሕር በረዶ ብዙ ልምድ የነበረው ሰው ነው። ወደ በረዶው ሲገባ የአንድ ዓመት ስስ የባሕር በረዶ መስሎት ነበር፤ የመታው ግን ከምድር የበረዶ ግግር የመጣ፣ እጅግ የጠነከረ በረዶ ነው። በሌሊት ጨለማ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ይህን የምጠቅሰው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም። የባልቲክ እውቀቱ እውነተኛ እውቀት ነበር፤ ግን የሌላ ስፍራ እውቀት ነው። ቀዬውን የሚያውቅ ሰው ዝናቡን ከሽታው ይለያል፤ እንግዳ ሰው ደመናውን ብቻ ያያል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 የጸናው ዓለም አቀፍ የዋልታ መርከቦች ደንብ ከዚህ የተማረ ይመስላል፤ አዛዦች ስለ ዋልታ ውኃ ልዩ ሥልጠና እንዲወስዱ ያዛል። ከዚያ በፊት፣ ከኦገስት 2011 ጀምሮ፣ በደቡብ ዋልታ ባሕር ከባዱ ጥቁር የመርከብ ነዳጅ ተከልክሎ ነበር።

በደንቡ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ አምስት ቀን። የነፍስ አድን መሣሪያ ሰዎችን እርዳታ እስኪደርስ ሊያቆይ ይገባዋል፤ ይህም ጊዜ ከአምስት ቀን ሊያንስ አይችልም ይላል። ሕጉ በዚህ ቁጥር ስለ ስፍራው እውነቱን ተናገረ። በማስታወቂያ ሥዕል ላይ ውብ ሆኖ የሚታየው ባዶ አድማስ በሕግ ቋንቋ ሲተረጎም አምስት ቀን መጠበቅ ማለት ነው። በ2007 ሰዎቹ የጠበቁት ሰዓታት ብቻ መሆኑ በዕድልና በጎረቤት ነው።

፯. ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

በዲሴምበር 2013 «አካዴሚክ ሾካልስኪ» በምሥራቅ አንታርክቲካ በረዶ ሲከባት፣ ሃምሳ ሁለቱ መንገደኞች በቻይናዋ በረዶ ሰባሪ «ሹዌ ሎንግ» ሄሊኮፕተር ወደ አውስትራሊያዋ «አውሮራ አውስትራሊስ» ተወሰዱ። «ሹዌ ሎንግ» ራሷም ለጊዜው በበረዶ ተያዘች። እነዚህ መርከቦች በዚያን ጊዜ ለየአገራቸው የምርምር ጣቢያ ስንቅና ሳይንቲስት የሚያመላልሱ ነበሩ። ለዓመታት የታቀደ የምርምር ወቅት ተስተጓጎለ። ይህ ወጪ በማንም መንገደኛ ቲኬት ላይ አልተጻፈም። በባሕር ሕግ የሰው ነፍስ ማዳን ግዴታ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ግን ግዴታው የሚወድቀው ሁልጊዜ በቅርብ በተገኘው ላይ ነው።

የሊንድብላድን እምነትስ ታሪክ እንዴት ይፈርደዋል? በከፊል እውነት ነበር። ዳርቻውን አይተው የተመለሱ ብዙዎች የአህጉሩ ጠበቆች ሆነዋል፤ የአስጎብኚዎቹ ማኅበርም መንግሥታት ከሚያዙት የጠበቀ ሥርዓት በብዙ ነገር አኑሯል። ነገር ግን በ1992/93 የጉዞ ወቅት ወደ አንታርክቲካ የሄዱት ጎብኚዎች ሰባት ሺህ አይሞሉም ነበር፤ በ2023/24 ከ120,000 በልጠዋል። እያንዳንዷ መርከብ ትንሽ ናት፤ መርከቦቹ ግን ብዙ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ለበጎም ለክፉም። የአንድ መርከብ ትንሽነት ለአንድ ዳርቻ ዋስትና ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ አህጉር ግን ዋስትና አይሆንም። ይህን ጥያቄ መርከቡን በማሳነስ መመለስ አይቻልም። ቁጥሩን የሚወስን አካል ያስፈልጋል።

ያ አካል ማን ይሁን? እዚህ ላይ አዲስ አበባ በታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቅ ትላለች። በጁላይ 1985 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በዚችው ከተማ ተሰብስቦ አንታርክቲካ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ ናት የሚል ውሳኔ አሳለፈ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ውሳኔ ጠቀሰው። ሐሳቡ አልጸናም፤ አህጉሩ እስከ ዛሬ የሚተዳደረው በስምምነቱ አባል መንግሥታት ነው። ቢሆንም አንድም መርከብ ወደዚያ ልከው የማያውቁ አገሮች «እኛም ጎረቤት ነን» ብለው መናገራቸው ከታሪክ መዝገብ የሚፋቅ አይደለም። የዋልታ በረዶ ሲቀልጥ ከፍ የሚለው ባሕር የአፍሪካንም ዳርቻ ይነካልና ንግግራቸው ባዶ አልነበረም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የቀይዋን መርከብ ታሪክ የጀመርነው ብቸኝነትን ፍለጋ በሄዱ ሰዎች ነው። በ1972፣ በ1979፣ በ2007፣ ሦስት ጊዜ መንገደኞቿ ነፍሳቸውን ለሌሎች አደራ ሰጥተዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ የተቀበላቸው ሰው ነበረ። ወደ ዋልታ የሚሄድ ሰው «ከሁሉም ራቅሁ» ሊል ይወዳል። ታሪኩ የሚነግረን ግን እርሱ የራቀው ከሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ መሆኑን ነው፤ የማያውቃቸው በአድማሱ ማዶ ሬዲዮ ከፍተው ይጠባበቃሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አባባል በሰፈራችን ለዕድርና ለለቅሶ፣ ለእሳት ቃጠሎና ለምጥ የሚነገር ነው። በብራንስፊልድ ሰርጥም ያው ሆኖ ተገኘ። ጎረቤት ያዳነው ሰው ደግሞ በተራው ጎረቤት የመሆን ዕዳ አለበት፤ ለሚቀጥለው መርከብም፣ ለዳርቻው ባለቤቶችም፣ መናገር ለማይችለው በረዶም።